የድሮ ግሪድ ዲፕ ሜትር ዛሬም ይጠቅማል ወይ?

ወንድሜ፣ ከአጎትህ የቀረልህን ግሪድ ዲፕ ሜትርና ስላይድ ሩል (እያንሸራተቱ የሚያሰሉበት ማስመሪያ) ልጣላቸው ወይ ላልከው፣ ኧረ በጭራሽ! ግሪድ ዲፑ የአንድን ሰርኪዩት ሬዞናንስ፣ ማለትም የሚርገበገብበትን ፍሪኩዌንሲ፣ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ውስጡ ሲግናል የሚያመነጭ ኦሲሌተር አለ። የመሣሪያውን ኮይል (የሽቦ ጥቅልል) ወደምትለካው ሰርኪዩት ታስጠጋና መደወያውን ቀስ እያልክ ታዞራለህ፤ የኦሲሌተሩና የሰርኪዩቱ ፍሪኩዌንሲ ሲገጥሙ ሰርኪዩቱ ኃይል ስለሚስብ መርፌው ዝቅ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። በጣም ካስጠጋኸው ግን ንባቡ ይዛባል። መደወያው ላይ የተጻፈውንም ብዙ አትመን፣ ሲግናሉን በሬዲዮህ ፈልገህ ቁጥሩን ከዚያ አንብብ።

ለአንቴና ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ናኖ ቪኤንኤ (አንቴናን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ግዛ። ፊሊፕ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመውን ስሚዝ ቻርት (የአንቴናና የመስመር ስሌት የሚሠራበት ክብ ገበታ)፣ ያ ድሮ በእርሳስና በኮምፓስ ስንት የተለፋበትን፣ እሱ በሰከንዶች ስክሪን ላይ ያወጣልሃል። ካሊብሬት ሳታደርገው (በሚታወቅ መለኪያ ሳታስተካክለው) ግን የሚያሳይህን እንዳታምን።

ስላይድ ሩሉ? እ.ኤ.አ. በ1972 ኤችፒ 35 ካልኩሌተር እስኪመጣ ድረስ የመሐንዲስ ቀኝ እጅ እሱ ነበር። የሚሰጥህ ሦስት አሃዝ ያህል ነው፣ የአስርዮሽ ነጥቡን የት እንደምታስቀምጥ ደግሞ ራስህ ታስባለህ፤ እኔ ይሄንን ነው የምወድለት፣ መልሱን ገምተህ እንድትጀምር ያስገድድሃል። ለሽቦ አንቴና ይበቃል። 143ን ለምትፈልገው ፍሪኩዌንሲ፣ ለምሳሌ ለ7.1 ሜጋኸርዝ፣ አካፍል፣ የግማሽ ሞገድ ዳይፖል አንቴናህ ርዝመት 20.1 ሜትር ገደማ ይመጣል። ትንሽ አስረዝመህ ቁረጠው፣ ማሳጠር አይቸግርም።

ግሪድ ዲፑ የቫልቭ (የቫኩም ቱቦ) ከሆነ ደግሞ አደራ፣ ያረጁትን ካፓሲተሮች ሳታይ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው።