ግንዱ ውኃ የቋጠረው ተክል ለፍየል ይሰጣልን?

ጥያቄ፦ በያቤሎ አካባቢ ፍየሎችና ጥቂት ከብቶች አረባለሁ። በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ከወገብ የማያልፍ፣ ግንዱ እንደ ቅል ያበጠ ተክል አለ። በበጋ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ሮዝ አበባ ያወጣል። በሰሜን አገር በድርቅ ጊዜ ቁልቋል ለከብት ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁና ይህንንስ ቆራርጬ ብሰጣቸው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንልዎ አይስጧቸው ነው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሰም የሚባለው፣ የአበባ ነጋዴዎችም የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት ነው። ከጽጌረዳ ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ የቅርብ ዘመዱ በከተሞቻችን ለውበት የሚተከለው መርዛማው ኦሊያንደር ነው።

ቅጠሉን የሚያራግፈው ስለታመመ አይደለም። ተክል ውኃ የሚያጣው በአብዛኛው በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል በመሆኑ፣ ዝናቡ ቆሞ ሥሩ የሚወጣውን ያህል መተካት ሲያቅተው፣ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታ ላይ መለያያ ሽፋን ይፈጠርና ቅጠሉ ይረግፋል። አካባቢዎን የሞላው የከርቤ ቁጥቋጦም እንዲሁ ያደርጋል፤ አዴኒየም የሚለየው በዝናቡ ወራት ያጠራቀመውን ውኃ ባበጠው ግንዱና በወፍራም ሥሩ ይዞ ስለሚቆይ ነው። ቅጠል ሳይኖረው ማበቡም የሚደንቅ ቢመስልም፣ ለአበባው የሚያስፈልገውን ውኃና ምግብ የሚያገኘው ከዚሁ ጎተራው ነው።

ይህን የመሰለ የውኃ ጎተራ በደረቅ አገር ሳይበላ የኖረው አንድ ጠባቂ ስላለው ነው። በግንዱ፣ በሥሩና በቅጠሉ ፈሳሽ ውስጥ የልብን ጡንቻ አሠራር የሚያዛቡ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉ። የታንዛኒያ ሃድዛ አዳኞች የፍላጻቸውን መርዝ ከሚያዘጋጁባቸው ተክሎች አንዱ አዴኒየም ነው። እንስሳት ምሬቱን ስለሚጠሉ በአዘቦቱ አይነኩትም፤ ተቆራርጦ ከሌላ መኖ ጋር ሲደባለቅ ወይም ረኃብ ሲጠናባቸው ግን ሊበሉት ይችላሉ፤ የምንፈራውም ይህንኑ ነው። ማድረቅም መፍትሔ አይሆንም፤ የኦሊያንደር ቅጠል ደርቆም እንደሚገድል የታወቀ ነው። የበላ እንስሳ ቢኖር ምራቁ ሊዝረበረብ፣ ሊያስቀምጠውና የልቡ ምት ሊዛባ ስለሚችል፣ ሳይነዱና ሳያስሮጡ በጥላ ሥር አቁመው የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ይጥሩ።

የሰሙት የሰሜኑ ልማድ እውነት ነው፤ ሆኖም «ቁልቋል» የሚለው ስም ያሳስታል። ለከብት የሚሰጠው እሾሁ በእሳት ተለብልቦ የሚቆራረጠው በለስ ሲሆን፣ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ነጭ ወተት የሚያወጣው፣ ዓይን የሚጎዳው አገር በቀሉ ቁልቋል ግን መኖ አይደለም። በለስም ቢሆን አብዛኛው አካሉ ውኃ፣ ፕሮቲኑም አነስተኛ ስለሆነ ከድርቆሽ ወይም ከገለባ ጋር ካልተሰጠ አያቆምም። ለእርስዎ የሚሻለው የግራር ፍሬ በሚረግፍበት ወቅት ሰብስቦ ማስቀመጥና ካሎ ብላችሁ ከምትከልሉት ሣር የተወሰነውን ሳያረጅ አጭዶ መከመር ነው።

ተክሉን ግን ነቅለው አይጣሉት፤ በከተማ ለጌጥ የሚፈልገው ሰው አለ። ከዱር መንቀል ኮረብታውን ያራቁታል፤ ስለዚህ ከዘር ያባዙት። ፍሬው እንደ ጥንድ ቀንድ ሆኖ ሲበስል ይሰነጠቃል፤ በሁለቱም ጫፍ የጸጉር ጉንጉን ያላቸውን ዘሮች ነፋስ ከመውሰዱ በፊት ፍሬውን በክር ይሰሩት። አሸዋ በበዛበት አፈር፣ ከሥሩ በተበሳ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ዘሩን በስሱ አልብሰው ሞቃት ቦታ ላይ ያኑሩት። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ያጸድቃል፤ ገዢ የሚወደው ያበጠ ግንድ በደንብ የሚወጣው ግን ከዘር በበቀለው ላይ ነው። ሲገርዙ ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ዓይንና ቁስል እንዳይነካ፣ ችግኞቹም ሕፃናትና ግልገሎች በማይደርሱበት ቦታ እንዲሆኑ ይጠንቀቁ። ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት አዝነው ውኃ አያብዙበት፤ ያን ጊዜ የሚሞተው ከጥማት ይልቅ በሥር መበስበስ ነው። ቅጠሉ እንደገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር ግን፣ አፈሩ በደረቀ ቁጥር በደንብ ያጠጡት።