ፈተናው ሰሌዳ ፊት የመቆም ፈተና ሆኖብናል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ካዛንቺስ ያለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ቲም ሊደር ነኝ። ዴቨሎፐር ስንቀጥር ሦስት ሆነን እንቀመጥና ልጁን ሰሌዳ ፊት አቁመን አልጎሪዝም (ኮምፒውተር ችግር የሚፈታበትን ቅደም ተከተል) እናስጽፈዋለን፣ በእንግሊዝኛ እያስረዳ ማለት ነው። ጥሩ ስራ ያላቸው ልጆች እዛ ላይ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ያለፉት ደግሞ ስራ ሲገቡ የሰው ኮድ አንብቦ መረዳት ያቅታቸዋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ልጆቹ ጋር ሳይሆን ፈተናው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ግማሹን ፈታኝ እያያቸው፣ ግማሹን ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ አሰሯቸው፣ እየታዩ የሰሩት ውጤት ከግማሽ በላይ ወረደ። እየታዩ ከተፈተኑት ሴቶች አንድም አላለፈችም፣ ብቻቸውን የሰሩት ሴቶች ግን ሁሉም አለፉ። የተፈተነው ሰው ጥቂት ቢሆንም እኔን በጣም ያሳስበኛል፣ ስንቷን ጎበዝ ልጅ በዚህ አስቀርተናል?

እናንተ ቢሮ በየቀኑ የሚገጥመውን ነገር ስጧቸው። ለምሳሌ ኔትወርክ ተቆራርጦ አንድ የቴሌብር ክፍያ ሁለቴ ሲመጣ ሁለቴ የሚመዘግብ አጭር ኮድ አዘጋጁ፣ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ስጡትና ስህተቱን ፈልጎ እንዲያስተካክል አንድ ሰዓት ብቻውን ተዉት። ጎበዝ ከሆነ የግብይት ቁጥሩን አይቶ ድጋሚ የመጣውን እንዳይመዘግብ ያደርገዋል። ከዛ ገብታችሁ እንዴት እንዳገኘው፣ ሁለቱ የክፍያ መልእክቶች እኩል ሰከንድ ላይ ቢደርሱስ ምን እንደሚሆን ጠይቁት፣ በአማርኛም ያስረዳ ችግር የለውም፣ ቻትጂፒቲ ጽፎለት ከሆነም እዚህ ጋር ይታወቃል።

ለሁሉም አንድ አይነት ጥያቄ ይሁን፣ ምን ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ ልጁ ሳይመጣ ጻፉት። ሦስታችሁም ሳትነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ስጡ፣ አለቃ ቀድሞ "አልተመቸኝም" ካለ ሌላው መከተሉ አይቀርም እኮ።

ቤት ወስዶ የሚሰራ ስራ ባትሰጡ ይሻላል፣ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ የሚሰራ ወይ ልጅ የምታሳድግ ሰው ማታ ላይ መብራት ከጠፋባት ምን ታድርግ? የግድ ከሆነ ስራው ከሁለት ሰዓት በላይ አይፍጅ፣ ካለፈ ክፈሏቸው።

ደግሞ ፈተናውን መጀመሪያ እዛው ላሉት ሰራተኞቻችሁ ስጡት፣ እነሱ በሰዓቱ ካልጨረሱት አሳጥሩት።