የምረቃ ዓመትሽን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፊ

ጥያቄ፦ ጅማ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሲኒየሮቻችን «የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አባል ሁኑ፤ ግቢያችን ውስጥም የተማሪዎች ቻፕተር (ቅርንጫፍ) እናቋቁማለን» እያሉ ስም እየመዘገቡ ነው፤ 200 ብርም ጠይቀውናል። ብሩ ለምንድን ነው? ስመረቅስ ለሙያ ፈቃድ ይረዳኛል?

መልስ፦ ከኋለኛው እንጀምር፤ አይረዳሽም። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው። አባልነቱ ሲቪሽ ላይ አንድ መስመር ይጨምር ይሆናል እንጂ ዲግሪንም የሥራ ልምድንም አይተካም።

በ1852 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ተማሪዎችን የሚመዘግበው በነፃ ነው፤ በስልክሽ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ። ስለዚህ 200 ብሩ የግቢው መዋጮ መሆን አለበት፦ ለትራንስፖርት፣ ለሲሚንቶ፣ ለሻይ ቡና። መክፈሉ ክፋት የለውም፤ ደረሰኝ ግን ተቀበዪ። «የአባልነት ክፍያ ነው» ካሉሽ አትክፈዪ።

ቅጹ ላይ ብዙ የኛ ተማሪ የሚሳሳተው የምረቃ ጊዜ ላይ ነው። ሰኔ 2020 የምትመረቂ ከሆነ ጁን 2028 ብለሽ ሙዪ። 2020 ብለሽ ከተውሽው ቅጹ የሚያውቅሽ ከዓመታት በፊት እንደተመረቀች ሰው ነው። የተማሪነት ማስረጃ ከተጠየቅሽም እንዲሁ ነው፤ መታወቂያሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጪ። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ፓስፖርትሽን ተከተዪ። ኢሜይሉ የግልሽ ይሁን፤ የግቢው ስትመረቂ ሊዘጋ ይችላል።

ቻፕተር ማቋቋም ቀላል ነው፤ ማቆየቱ ነው ጭንቁ። ፕሬዚዳንቱ ከአምስተኛ ዓመት፣ ምክትሉ ከአራተኛ ዓመት ይመረጣሉ። አንዱ በመመረቂያ ፕሮጀክት ይያዛል፣ ሌላው ለኢንተርንሺፕ ከጅማ ይወጣል፣ የኢሜይሉ ፓስወርድም አብሮት ይሄዳል። ዓመታዊ ሪፖርቱን የሚጽፍ ይጠፋል። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ከእናንተ ከሦስተኛ ዓመቶች ይሁኑ፤ ፓስወርዱ አማካሪ መምህሩም ዘንድ ይቀመጥ።

ሥራችሁንም በሴሚናር አትጀምሩ፤ ስላይድ በክፍል ውስጥ ጠግባችኋል። ላብራቶሪ አስፈቅዳችሁ ሁለት የኮንክሪት ድብልቅ ሥሩ፦ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 20 ኪሎ ደረቅ አሸዋ፣ 30 ኪሎ ጠጠር፣ 5 ሊትር ውሃ። የሁለተኛውን አሸዋ ግን አስቀድማችሁ በ1 ሊትር ውሃ አርጥቡት፤ የጅማ ክረምት ሜዳ ላይ የተቆለለ አሸዋ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲሰፈር ምንም የተለየ ነገር አይታይም፣ የውሃና የሲሚንቶው ንጽጽር ግን ከ0.5 ወደ 0.6 ወጥቷል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የስላምፕ ኮን (ትኩስ ኮንክሪት ምን ያህል ወርዶ እንደሚቀመጥ የሚለካበትን ቅርጽ) በሦስት ንብብር ሙሉ፤ እያንዳንዱን ንብብር 25 ጊዜ በዘንጉ ውጉ፤ ኮኑን ሳታዘነብሉ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። የሁለተኛው ይበልጥ ወርዶ ይቀመጣል። ሳይት ላይ «ለሥራ ይመቻል» ተብሎ የሚወደደው እሱ ነው።

ከየድብልቁ ሦስት ሦስት ኪዩብ ሙሉና ውሃ ውስጥ አቆዩ፤ በ28ኛው ቀን ስበሩ። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ C-25 (በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን የሚችል ኮንክሪት) ለመባል 562.5 ኪሎ ኒውተን መሸከም አለበት።