የቆየ ቤትን ከውስጥ ማደስ፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ ስትጠይቁ ሦስት ነገር አብራችሁ ንገሩኝ፦ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ የክፍሉን ስፋት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ውርጭ የሚመታው ጭቃ ቤትና ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ያለ ብሎኬት ቤት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣቸውም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ቤታችን ጭቃ ነው፣ 30 ዓመት አልፎታል። ውስጡን በሲሚንቶ አስለስነን ነበር። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ፣ ከታች በኩል እየተላቀቀ ይወድቃል። ድጋሚ በሲሚንቶ እናስለስነው?

መልስ፦ አታስለስኑት፤ ያው ይደገማል። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣው እርጥበትም በልስኑ ማለፍ ስለማይችል ከኋላው ይጠራቀምና ጭቃውን ያላሽቀዋል። ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው።

በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን ቀስ እያሉ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ አውርዱ፤ "ይኼኛው ገና ይዟል" ብላችሁ አትተዉት። የቋሚዎቹንም እግር እዩ። ባሕር ዛፉ ቢላ ከገባለት በስብሷል። ጣሪያውን በመደገፊያ ይዛችሁ፣ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ፣ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ማሳረፍ ነው። አንድ ቋሚ ሳይጠናቀቅ ሁለተኛውን አትንኩ።

ምርጊቱን በተመለከተ፣ የአካባቢው መረሬ (ጥቁሩ ሸክላማ አፈር) ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ፈልጋችሁ ከአሸዋ ጋር ሦስት ሙከራ ሥሩ፦ 1 አፈር በ1 አሸዋ፣ 1 በ2፣ 1 በ3። እያንዳንዱን ግድግዳው ላይ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ለጥፋችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ። የሚሰነጠቀው አሸዋ አንሶታል፣ በእጅ ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል። የተስማማውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁና እያገላበጣችሁ፣ አቆዩት። ጭዱ ሲበሰብስ የሚወጣው ሙጫ ነው ጭቃውን የሚያያይዘው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የተመረገ ጭቃ አይጠነክርም።

ግድግዳውን በውሃ አርጥባችሁ የመጀመሪያውን ድርብ 2 ሳንቲ ሜትር ምረጉ፣ ሳይደርቅ በሚስማር ጫሩት፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅና ስንጥቁ ሲያበቃ ሁለተኛውን 1 ሳንቲ ሜትር ደርቡ። መጨረሻ ላይ 1 ኖራ በ3 የተነፋ አሸዋ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር። ይህ ልስን ያምራል፣ እርጥበቱንም ያሳልፋል። ሲሚንቶ የግድ ነው ካላችሁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 ኖራ፣ 9 አሸዋ አድርጉትና የዶሮ ሽቦ ከሥሩ ምቱ። ሽቦው የሚመታው ቋሚውና ማገሩ ላይ ነው። ጭቃው ላይ የተመታ ሚስማር ይዞ አይቆይም።

ከዚያ በኋላ ዘይት ቀለም አትቀቡ፤ የደከማችሁበትን ሁሉ መልሶ ያፍነዋል።

ጥያቄ (ከዚያው ቤት)፦ ኖራ እጅ አያቃጥልም?

መልስ፦ ያቃጥላል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ጠብቁ፣ ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ውሃ ያልነካው ጥሬ ኖራ ውሃ ሲገባበት ይፈላል፤ ልጆች ባሉበት አታጥፉት።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው። በበጋ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ አስመርምረናል፣ ቀዳዳ የለውም። ብርዱም አላስቀመጠንም።

መልስ፦ ቆርቆሮው ደኅና ነው። የሚንጠባጠበው የራሳችሁ ትንፋሽና የማብሰያው እንፋሎት ነው። ሌሊት ቆርቆሮው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ሞቃቱ አየር በአቡጀዲው ውስጥ አልፎ ሲነካው ውሃ ይሆናል። ብርዱና ውሃው አንድ መፍትሔ አላቸው።

አቡጀዲውን አውርዱና ቺፕውድ ወይም ጂፕሰም ቦርድ ግጠሙ። ለ4 በ4 ሜትር ክፍል፣ 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነው ቺፕውድ 6 ይበቃል፤ ለቁርጥራጩ 7 ግዙ። ሞራሌውን (ቺፕውዱ የሚመታበትን እንጨት) በየ61 ሳንቲ ሜትሩ ምቱ፣ የቺፕውዱ ጫፍ ሞራሌው መሐል ላይ እንዲያርፍ። በሁለት ቺፕውዶች መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉና በቀጭን እንጨት ሸፍኑት። ገጥማችሁ ካጣበቃችኋቸው በክረምት ሲያብጡ መሐላቸው ይጎብጣል።

ከኮርኒሱ በላይ የፋይበርግላስ ሱፍ ማንጠፍ ከተቻለ ሙቀቱ በደንብ ይያዛል። ጭድ በጆንያ ሞልቶ መደርደር አይጥ ይጠራል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ አብሮ ካለ ደግሞ እሳት ነው። ነጩ ፎምም ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ስለሆነ ከሥሩ ጂፕሰም ቦርድ ሳይኖር አታድርጉት። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ቦታ ግን መተንፈስ አለበት፦ ፊትና ኋላ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳዎች፣ ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነው።

አንድ ነገር አደራ። ቤቱ ሲደፈን የከሰል ምድጃ ነገር ይለወጣል። ድሮ በስንጥቁ ይወጣ የነበረው የከሰል ጋዝ አሁን መውጫ የለውም፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከሰል ተቀጣጥሎ መኝታ ቤት አይገባ። ፍም ብቻ ነው፣ ጭሱ ወጥቶለታል ማለት አያድንም።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ባና ግድግዳ ላይ ብንሰቅል ብርዱን ይቀንሳል?

መልስ፦ ይቀንሳል፣ የመንዝ ባና ለቤትም ግርማ ነው። ከውጭው ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ ግን አትስቀሉት፤ ከኋላው ይሻግታል። ከላይና ከታች ሞራሌ መትታችሁ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ በወር አንዴ አውርዳችሁ ፀሐይ አስመቱት።

ጥያቄ (ደነባ)፦ የአፈር ወለል ወደ ሊሾ ለመቀየር፣ ክፍሉ 4 በ4 ነው፣ ስንት ሲሚንቶ ልግዛ?

መልስ፦ ባለ 50 ኪሎ 13 ከረጢት፣ ስድስት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። አሸዋ 1.1 ሜትር ኩብ፣ ጠጠር 1.2 ሜትር ኩብ ገደማ። ስሌቱ 8 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በ1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር (8 ከረጢት ያህል) እና 3 ሳንቲ ሜትር ሊሾ በ1 ሲሚንቶ፣ 3 አሸዋ (5 ከረጢት ያህል) ነው።

ከሥሩ ያለው ከሲሚንቶው ይበልጣል። አፈሩን ቆፍረህ አውጣ፣ በተለይ መረሬውን። 20 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ደርድር፣ ክፍተቱን በጠጠር ሙላ፣ ደልድል፣ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፍና ጠርዙን ግድግዳው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አውጣ። ፕላስቲኩ የቀረበት ሊሾ ክረምት ሲገባ ላብ ያወጣል፣ ምንጣፉም ከሥሩ ይበሰብሳል። ስትቆፍር ከግድግዳው መሠረት በታች እንዳትወርድ።

ሊሾው ላይ ደረቅ ሲሚንቶ እየነሰነሱ ማለስለስ የተለመደ ነው፤ ፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው በዚያ ነው። ውሃው ከላዩ እስኪጠፋ ጠብቀህ በብረት ማለስለሻ ሁለት ጊዜ እለፍበት፣ ያለ ተጨማሪ ሲሚንቶ። 7 ቀን ውሃ አጠጣ። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ማታ ማታ በፕላስቲክና በጭድ ሸፍነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ውርጭ የመታው ሲሚንቶ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ የድንጋይ ቤት ነው፣ መስኮቱ 60 በ60። ቀን ለቀን መብራት እናበራለን። ማስፋት ይቻላል?

መልስ፦ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስፉት። ከላይ ያለውን የተሸከመ እንጨት ሳትነኩ ደፉን 50 ሳንቲ ሜትር ብታወርዱት መስኮቱ 60 በ110 ይሆናል፤ ብርሃኑ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ግድግዳውም አይናጋም። ከዚያ የመስኮቱን ሁለት ጎን ከውስጥ በኩል ወደ ክፍሉ እየሰፋ እንዲሄድ አዘንብላችሁ ጥረቡና ነጭ ኖራ ቀቡት። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ውስጥ ይህ ብቻውን ክፍሉን ይለውጠዋል።

ወደ ጎን የግድ ከሆነ የቆየ የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት እንዳለው፣ መሐሉም በጭቃና በኮረት እንደተሞላ አስታውሱ። ስለዚህ ተሸካሚው በሁለት ግማሽ ይገባል፦ መጀመሪያ በውጭው ፊት፣ እሱ ሲጠነክር በውስጡ። ሁለቱም ከገቡና 14 ቀን ከሞላቸው በኋላ ነው ከሥር የሚከፈተው። ግራና ቀኝ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ይረፍ፤ ከቤቱ ማዕዘን በ1 ሜትር ውስጥ አትክፈቱ። ይህን ልምድ ያለው ግንበኛ ይሥራው።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ የማድ ቤቱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀባነው፣ ጥቀርሻው ቢጫ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል።

መልስ፦ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ያለው ውሃ ጥቀርሻውን አሟሙቶ ወደ ላይ ይስበዋል፤ አሥር ጊዜ ብትቀቡም ያው ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ ፍቁት፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት፣ ሲደርቅ በቲነር የሚቀጥን የዘይት ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ) አንድ ጊዜ ቀቡ፣ በማግስቱ በላዩ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ። ጭቃ ከሆነ ግን ጥቀርሻ የጠጣውን ፊት ፍቃችሁ አውርዱና በኖራ ልስን ሸፍኑት። የድሮ ዘይት ቀለም ስትፍቁ አርጥባችሁ ፍቁ፣ ልጆችን አርቁ፤ ብናኙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ጭስ ማውጫ ከሌለ ይህ ሁሉ በዓመቱ ይጠቁራል። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ቱቦ፣ ከጣሪያው ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከማንኛውም እንጨት ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ አንድ ጊዜም ቀልጧል።

መልስ፦ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። የተለመደው ሶኬት 16 አምፔር ነው የሚችለው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፤ እንጀራ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይጋገራል። ዲቫይደር ጭራሽ አይታሰብም።

ከዋናው ማከፋፈያ ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ገመድ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ለምጣድ ተብሎ የተሠራ ከባድ ሶኬት ይኑረው። ለሌላው ሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ካሬ በቂ ነው። በቆዩ ቤቶች ሁለት ገመድ ብቻ ነው የሚገኘው፣ የመሬት ገመድ የለም። ሳይዘረጋ ምጣድም የውሃ ማሞቂያም አትግጠሙ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ገመድ አትቅበሩ፤ አይጥ ይበላዋል። በፕላስቲክ ቱቦ ከላይ ይሂድ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ የእናንተ ጨዋታ ሁሉ ብርድ ነው። እኛ ሙቀቱና ምስጡ ነው ያስቸገረን።

መልስ፦ ልክ ነዎት። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም ያስቀቡ፤ ፀሐዩን ስለሚመልስ ብዙ ያቀላል። ከኮርኒሱ በላይ አየር ይመላለስ፣ በክፍሉም ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ፣ ከላይ በኩል፣ መተንፈሻ ይክፈቱ። ወባ ስላለ ሁሉም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ቺፕውድ እዚያ አይግዙ፤ ምስጡ ከውስጥ በልቶ ፊቱን ብቻ ያስቀርልዎታል። የፒቪሲ ኮርኒስ በብረት ዘንግ ላይ ይሻላል። በየወሩ የግድግዳውን ሥር ይዩ፤ የጭቃ መስመር ካለ ያፍርሱትና ከየት እንደመጣ ይከተሉት። የበር መቃን አፈር አይንካ። ለምስጡ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቤት ውስጥ አይቀቡ፤ ሽታው አይለቅም፣ ለእሳትም ይመቻል።

ጥያቄ (አለም ከተማ)፦ ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ቀለም ወይስ ኮርኒስ?

መልስ፦ አሸንዳ አለህ? ከሌለህ አሸንዳ፤ በቤቱ ዙሪያም 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ፣ ቁልቁለቱ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር። ካለህ ኮርኒሱ። ቀለም ከሁሉም በኋላ ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ መደቡን አፍርሰን ሶፋ ልናስገባ ነው፣ አናጺው ግን አታፍርሱ ይላል።

መልስ፦ አናጺውን ስሙት። መደቡ ብዙ ጊዜ የግድግዳውን እግር ደግፎ ነው የሚገኘው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀትም ማታ ይመልሳል። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ በኖራ ለስኑት፣ ከፍታው 42 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ በላዩ፣ ባና አልብሱት። ከሥሩ ለጫማና ለእንጨት የሚሆን ጉድጓድ መክፈት ከፈለጋችሁ ስፋቱ ከ50 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፣ ከላዩም ጠንካራ ሳንቃ ይግባበት።