ነን ካፌ ልሁን? ብሩስ በማን አካውንት ይግባ?

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገች ልጅ ጽፋልኛለች። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ዘንድሮ ፍሬሽ ልትገባ ነው። «ጋሼ፣ የምኖረው ሳቢያን አክስቴ ጋ ነው። ነን ካፌ ከሆንኩ፣ ማለት የግቢው ካፌ ካልበላሁ፣ የምግቡን ብር በእጄ እንደሚሰጡኝ ሰማሁ። ጓደኛዬ የነፃ ብር ነው፣ ውሰጂ ትለኛለች። የአክስቴ ባል ደግሞ በእኔ አካውንት ይግባ፣ አስቀምጥልሻለሁ አለኝ። እንዴት ነው የሚከፈለው? ልቀበል ወይ?»

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ የጓደኛሽን ወሬ ላስተካክል። ነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ግቢ ውስጥ ኮስት ሼሪንግ ሲሉ የምትሰሚው እሱን ነው። ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶው፣ የምግብና የመኝታው ደግሞ ሙሉው በስምሽ ይጻፋል። ካፌ ገብተሽ በላሽም፣ ብሩን በእጅሽ ተቀበልሽም፣ የምግቡ ዕዳ ያው ያንቺ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ልቀበል ወይስ ልተው» አይደለም። የምትበደሪው ምግብ ነው ወይስ ብር?

ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል። ቅጹ ላይ አገልግሎቱን በዓይነት ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ የምትፈልጊው የሚል ቦታ አለ፣ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይም ሁለቱንም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው። ምዝገባው ወረፋ ነው፣ የድሬ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ከኋላሽ ያለው ይገፋሻል፣ ከፊትሽ ያለችው ልጅ ምን እንደሞላች አይተሽ አንቺም እሱኑ ትሞያለሽ። እንዲህ እንዳታደርጊ። አክስትሽ ቤት የምታድሪ ከሆነ የማትተኚበትን ዶርም በስምሽ ለምን ታስጽፊያለሽ? ቅጹን ጥላ ፈልገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አሁን ወደ አካውንቱ። ግቢው ብሩን የሚያስገባው በተማሪዎች ዝርዝር ነው፣ ስምና የአካውንት ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፎ። አካውንቱ በራስሽ ስም መሆን አለበት። የአክስትሽ ባል ክፉ አስቦ ነው አላልኩም፣ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ዕዳው ባንቺ ስም ሆኖ ብሩ በሌላ ሰው ስም መግባት የለበትም። «ጋሼ፣ ግቢው በተማሪው ስም ካልሆነ አይቀበልም» በይው፣ ቅር አይለውም። ደግሞ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ላስጠንቅቅሽ። ስምሽ በፋይዳ መታወቂያሽ፣ በባንክ ደብተርሽና በግቢው መዝገብ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ጋ አንድ ፊደል ተጨምሮ፣ ሌላው ጋ ተቀንሶ ስንት ልጅ ብሩ ሳይገባለት ከባንክ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ሬጅስትራር ሲመላለስ ይከርማል። ከምዝገባ በፊት ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ አስተያያቸው።

ሂሳቡን እንሥራው። የአንድ ተማሪ የምግብ በጀት ለዓመታት በቀን 22 ብር ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በወር 3,000 ብር ገደማ ማለት ነው። ለሦስት ጊዜ ምግብ ስታካፍይው በአንድ ማዕድ 33 ብር ይደርስሻል። ከዚራ አንድ ምግብ ቤት ገብተሽ በ33 ብር ምን እንደምትበዪ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ለዚህ ነው ቤት ተከራይቶ ብቻውን ለሚኖር ልጅ ነን ካፌ ሁን ብዬ የማልመክረው፣ የወሩ አጋማሽ ላይ ጾሙን ያድራል።

አንቺ ግን ትለያለሽ። አክስትሽ ቤት ድስት በየቀኑ ይጣዳል። ስለዚህ ነን ካፌ ሁኚ፣ ግን ከአክስትሽ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ። ብሩ በገባ ቁጥር ይህን ያህል ለአስቤዛ፣ ይህን ያህል ለባጃጅ፣ ይህን ያህል ለኮፒና ለካርድ ተባባሉ። ዝም ብለሽ ስትበዪ ከርመሽ ብሩን ብትደብቂ ነገ ቅያሜ ይመጣል። የተረፈሽን አስቀምጪ።

ደግሞ ብሩ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይገባል ብለሽ አትጠብቂ። ሊዘገይ ይችላል፣ አንዳንዴ የሁለት ወሩ አንድ ላይ ይገባል። ያኔ ብዙ መስሎሽ ታይዋን ገበያ ወርደሽ ጫማና ሽቶ እንዳትገዢበት። ያለፈው ወር የበላሽበት ነው እኮ። ቢያንስ የአንድ ወር መጠባበቂያ ይዘሽ ጀምሪ። በየሳምንቱ ደንገጎን እየወጣሽ ሐረር ለመመላለስም የትራንስፖርቱን አስቢው፣ እናት ብትናፍቅም።

ይህ ሁሉ ከሥራ ጋር ምን አገናኘው እንዳትዪኝ። ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ቀጣሪሽ ለዚህ ዕዳ ከደሞዝሽ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ ይቆርጣል። 10,000 ብር ብትቀጠሪ 1,000ው ሄደ ማለት ነው። ስትመረቂ የሚሰጥሽ ቴምፖ፣ ማለት ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፣ ኦሪጅናሉን ዲግሪ ለማውጣት ወጪ መጋራቱን መጨረስሽን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ። እኔ ተማሪ ሆኜ የፈረምኩትን ውል ኮፒ አላስቀረሁም ነበር። ከዓመታት በኋላ ኦሪጅናሌን ላወጣ ስሄድ የአንዱ ዓመት ሂሳብ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት። አንዴ ብቻ መፈረሜን የማሳይበት ወረቀት አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የምወደው ሥራ ማመልከቻም እዚያ መሃል ጊዜው አለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በየዓመቱ ስትፈርሚ ኮፒ አስቀሪ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ፎቶውን ለእናትሽም ላኪላት። ነን ካፌ የሆንሽባቸውን ወራትና የገባልሽን ብር አንድ ደብተር ላይ ጻፊ። የዘንድሮውን ቅጽ እንደተቀበልሽ፣ ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ያልገባሽን ቦታ አብረን እናየዋለን።