ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ፍራሹን አንሡ

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «በብርዱ ወራት ዕረፍቴን ባለሸራ ጀልባ ውስጥ ላሳልፍ ነው፤ የትኛውን ማሞቂያ ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ፤ ለስንቱ ስለ ማሞቂያ ጉልበት ብቻ መልሼ ስለ አየሩ ሳልነግረው ቀርቻለሁ። ዛሬ ከአየሩ ልጀምር።

ጀልባ ውስጥ ሰውን የሚያማርረው ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ያወጣል። የሚፈላው ድስትና የተሰቀለው እርጥብ ልብስ ደግሞ ይጨምሩበታል። (በባሕር ውሃ የራሰ ልብስ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ ደርቆ አይደርቅም፤ ጨው እርጥበት ይስባል።) ተኑ ቀዝቃዛውን ግድግዳና የመስኮቱን ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የባሰው ያለው ግን ፍራሻችሁ ሥር ነው፤ ከላይ ገላችሁ ያሞቀዋል፣ ከታች ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል፣ ሳይታወቃችሁ ይሻግታል። ፍራሹን ከጣውላው የሚያነሣ፣ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ከሥሩ አድርጉ። ጠዋት ጠዋት በጎኑ አቁሙት። የቁም ሳጥኑንም በር ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። የዛሬ ልጆች የአየር ትንበያውን በየሰዓቱ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ፤ የፍራሻችሁን ሥር ግን በእጃችሁ አትዳስሱም።

ብርዱ ሲጠና ብዙ ሰው የአየር ማስገቢያውን በጨርቅ ይወትፍና የማብሰያውን ምድጃ ለኩሶ ይሞቃል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን (በሲሊንደር የሚሸጥ የማብሰያ ጋዝ) ሲነድ 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ በተን መልክ ይለቃል፤ ልታሞቁት ያሰባችሁት ክፍል ይረጥብባችኋል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ደግሞ እሳቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ሊጠረጥር ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ለጀልባ ተብሎ የተሠራውን፣ ኢኤን 50291-2 (EN 50291-2) የሚል የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ያለበትን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል መኝታ ክፍሉ ውስጥ ስቀሉ፤ በየሳምንቱም ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። የአየር ማስገቢያውን ሌሊትም ቢሆን አትድፈኑ።

ሲሊንደሩ ቡቴን ከሆነ፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት ምድጃው እምቢ ሊላችሁ ይችላል፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማልና። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ፤ ካፈሰሱ ጀልባው ወለል ሥር ይጠራቀማሉ። ስለዚህ አብስላችሁ ስትጨርሱ ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሲሊንደሩም ዝጉ።

አሁን ወደ ማሞቂያው። ወደብ ላይ ታስራችሁ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይሻላል፤ ተን አይጨምርም። ባለ 2 ኪሎዋቱ ግን በ230 ቮልት 9 አምፔር ገደማ የሚደርስ ብርቱ ኤሌክትሪክ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ካሠራችሁት በኋላ ሶኬቱን ዳስሱ፤ ከጋለ ወዲያው አጥፉት፣ ጨው የበላው መገናኛ እሳት ያስነሣል። ይህን ብልም፣ ምርጫው የእኔ ቢሆን በናፍጣ የሚሠራውን አስቀድማለሁ፤ የሚያነደውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ያወጣል፣ የወደብ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያዎች ግን በየጊዜው እዩ። ማሞቂያው ሲነሣ ባትሪውን በብርቱ ይስባል፤ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሳይሠራ አርፎ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፣ ሳይመሽ ሙሉት። ለረጅም ሰዓት ቀንሳችሁ ካሠራችሁት ጥላሸት ያፍነዋል፤ አልፎ አልፎ በሙሉ ኃይሉ ይንደድ።

ከጀልባው ብንወድቅም ዋና እንችላለን ትላላችሁ፤ እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ግን ዋና ብዙም አያድንም። የመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽ ያሳጣል፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እጅና እግር መታዘዝ ያቆማል። ጠዋት በጀልባው የላይኛው ወለል ላይ ያለው ውርጭ ደግሞ ያንሸራትታል። ከጓዳ ስትወጡ የሕይወት ጃኬት ልበሱ፤ ወደ ጀልባው መውጫ መሰላሉንም ከውሃው ውስጥ ሆኖ በአንድ እጅ ስቦ ማውረድ እንዲቻል ገመድ እሰሩበት።