ጉንዳን ለመቁጠር ለምትወጡ ወጣቶች

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። «የቱ ወጥመድ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን መጀመሪያ ተንበርክካችሁ በእጃችሁ ፈልጉ ነው የምላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን የታወቀ የጉንዳን መሰብሰቢያ አሠራር ታውቁታላችሁ። 200 ሜትር መስመር ይዘረጋል። በየ10 ሜትሩ ከአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የረገፈ ቅጠል ተሰብስቦ በወንፊት ይነፋል፣ ጉንዳን የሚወድቅበት የወጥመድ ኩባያም ይቀበራል። ለሞቃታማ ደን ግሩም ነው፤ እዚያ ቅጠሉ ራሱ በጉንዳን የተሞላ ነው። እንደ አሜሪካው ማሳቹሴትስ ባለ ብርዳማ አገር ግን ቅጠል ብቻ እየነፋችሁ ብትውሉ ብዙ ያመልጣችኋል። ጉንዳኑ ፀሐይ ባሞቀው ድንጋይ ሥር ነው፤ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ነው። ቴምኖቶራክስ የሚባሉት ጉንዳኖችማ ከነንግሥታቸው አንዲት የኦክ ፍሬ ውስጥ ይኖራሉ፤ ነቀዝ ቦርቡሮ በተወው ባዶ ፍሬ! ፍሬውን አንስቶ የሚሰብር ሰው ያገኛቸዋል፤ ኩባያ ቀብሮ ቤቱ የገባ ሰው ግን ላያያቸው ይችላል።

ወጥመድ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ሌሊት የሚወጡትን የሚይዝላችሁ እሱ ነው። የኩባያው አፍ ከአፈሩ እኩል ይሁን፤ ትንሽ ከፍ ካለ ጉንዳኑ ዞሮት ይሄዳል። የወደቀው ጉንዳን እንዳይበሰብስ ብላችሁ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለውን ፈሳሽ አትጨምሩበት፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻም የዱር እንስሳም ይገድላል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ይሻላል። ጉንዳን ለመሳብ ቱናና ብስኩት መበተን ደግሞ ለተማሪ ደስ ይላል፤ ግን ቀድሞ የደረሰው ኃይለኛ ዝርያ ሌላውን ስለሚያባርር የምታዩት እሱን ብቻ ይሆናል።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ኩባያ ውስጥ 300 ጉንዳን ቢገኝ ዝርያው በዛ ማለት አይደለም፤ ጎጆው አጠገብ ቀብራችሁ ይሆናል። ስለዚህ ዝርያው ስንት ኩባያ ውስጥ እንደተገኘ መዝግቡ። ይህን ያላደረገ ጥናት ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሠንጠረዡን አልፌው ነው የምሄደው።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ፕሬኖሌፒስ ኢምፓሪስ የሚባለው ጉንዳን ብርድ ይወዳል። በፀደይ መጀመሪያና በመኸር ይወጣል፤ በጋውን (በማሳቹሴትስ ሐምሌ በጋ ነው) መሬት ውስጥ ተዘግቶ ያሳልፋል። በሐምሌ ብቻ የሄደ ሰው «እዚህ የለም» ብሎ ይጽፋል። ከመሬት በታች የሚኖሩት ላሲየስ የሚባሉ ጉንዳኖች ደግሞ እምብዛም አይታዩም። የበጋው መጨረሻ ላይ ግን ክንፍ ያላቸው ንግሥቶች ለመብረር ይወጣሉ፤ ያኔ ያዟቸው። ከናሙናው ጋር አልኮል ውስጥ የሚገባውን መለያ ወረቀት በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።